ትምህርት ቤቱ ገንዘብ እንዳጠረው እያወቅኩ ልጄን አስመዘገብኩ፣ እንዴት እንደወሰንኩ ልንገራችሁ

"የዓመቱን ባንዴ ከከፈልሽ 15 ፐርሰንት እንቀንስልሻለን" አለኝ ፋይናንስ ላይ ያለው ልጅ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ ብጣሽ ወረቀት እያቀበለኝ። ሐምሌ 2017 ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ የልጄን የልደት ሰርተፍኬትና የዩኬጂ ካርዷን በፌስታል ጠቅልዬ ቆሜያለሁ። ወሩ 3,800 ነው፣ በ10 ወር 38 ሺ፣ ከሱ ላይ 15 ፐርሰንት ማለት 5,700 ብር፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይገዛል እኮ፣ እውነቱን ለመናገር ልልክ ስልኬን አውጥቼ ነበር። ከዛ ወረቀቱን ሳየው የአካውንቱ ስም የትምህርት ቤቱ አይደለም፣ የሰው ስም ነው። "ይሄ የማነው?" ስለው "አሁን የምንጠቀመው እሱን ነው፣ የድርጅቱ ትንሽ ችግር አለበት" አለኝ ቀና እንኳን ሳይል። "እሺ መጣሁ" ብዬ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም።

ማለቴ በዛን ቀን አልተመለስኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እዛው አስመዘገብኳት። በነዛ ሦስት ሳምንታት ያደረግኩትን ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ዘንድሮ ስንት ሰው "ሊዘጋ ነው ይላሉ፣ ላስገባት ወይስ ልተው?" ብሎ ጠይቆኛል። ለሁሉም በስልክ ማስረዳት ሰለቸኝ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደዛ እንደፈራሁ ልንገራችሁ። ትልቁ ልጄ 2012 ላይ ዩኬጂ ነበር፣ ሌላ ትምህርት ቤት፣ እሱም በተከራየ ቪላ የሚሰራ። መጋቢት 7 በኮሮና ምክንያት ሁሉም ሲዘጋ እነሱም ዘጉ፣ ክፍያ ግን እየቀነሱ ያስከፍሉን ነበር፣ እኛም "መምህራኑ ምን ይብሉ" ብለን ከፈልን። ከዛ ክረምት ላይ ደውለው የ2013 መመዝገቢያ ክፈሉ አሉን፣ ከፈልን። ጥቅምት ላይ ሌሎቹ ይከፈታል ይከፈታል ሲሉ እነሱ ጋ ስደውል ስልኩ አይሰራም፣ ሄድኩ፣ በሩ ላይ ታፔላው ተነስቷል፣ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው፣ ያውም አዲስ ለገባ ተከራይ ነው የሚጠብቀው። "የት ሄዱ?" ስለው "ኪራይ አቅቷቸው ለቀቁ እኮ፣ ቆዩ" አለኝ። ቆዩ! ገንዘቡ ሄደ፣ እሱ ይሁን። የገደለኝ የልጄ ካርድ ነው። አንደኛ ክፍል የሚያስገባው ወረቀት የትምህርት ቤቱ ማህተም ያለበት መሆን አለበት፣ ማህተሙ ደሞ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ክፍለ ከተማ ስመላለስ ከረምኩ፣ በመጨረሻ የድሮዋን ዳይሬክተር ሌላ ቦታ ተቀጥራ አግኝቻት እሷ ነች ባለቤቱን ለምና ያስፈረመችልኝ። ልጁ ትምህርት ከተጀመረ ከአምስት ሳምንት በኋላ መንግስት ትምህርት ቤት ገባ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉት ነገር ነው እንግዲህ።

(በነገራችን ላይ ልጁ እዛው መንግስት ትምህርት ቤት አሁን 6ኛ ክፍል ደርሷል፣ ዘንድሮ ፈተና አለበት፣ ደህና ነው። ምገባም ደብተርም ዩኒፎርምም ስላለ እኔ በግሌ መንግስት ትምህርት ቤትን የምንቅ ሰው አይደለሁም፣ እንደዛ እንዳይመስላችሁ።)

ታዲያ ታናሿን ለምን እዛው አላስገባሽም የሚል ይኖራል። ልጄ አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። አሁንም ሰው ሲበዛ ዝም ትላለች። ወንድሟ ክፍል ውስጥ 60 ምናምን ልጅ ነው ያለው፣ እሱ ተናጋሪ ስለሆነ አልጎዳውም፣ እሷ ግን እዛ ብትገባ ዓመቱን ሙሉ ሳትጠየቅ ሳትናገር ልታልፍ ትችላለች። የነበረችበት መዋእለ ህጻናት እስከ ዩኬጂ ብቻ ነው የሚያስተምረው፣ ስለዚህ የግድ ሌላ መፈለግ ነበረብን። የእህቴ ልጅ ይሄኛው ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፣ አንደኛ ክፍል ላይ ያለችውን ሚስ ሁሌ ታነሳታለች፣ ፊደል በድምጽ እየለየች ነው የምታስተምረው፣ ልጅ ካልገባው አትሄድም። ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ ሄጄ ክፍሉን አየሁት፣ 24 ልጅ። በጣም ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ነገር ራሱ ችግሩ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው፣ አምና ሦስት ሴክሽን የነበረው ክፍል ነው አንድ ሴክሽን ሆኖ 24 የቀረው።

ልጆቹ የት ሄዱ? አብዛኞቹ የካዛንቺስ ልጆች ነበሩ። 2017 መግቢያ ላይ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ሰዉ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሄደ፣ ከገላን እስከዚህ ድረስ የስድስት ዓመት ልጅ በየቀኑ ማን ያመላልሳል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሞክረው የነበሩ አሉ አሉ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ልጅ እየቀሰቀሱ። ከዛ ተዉት። ይሄን የምነግራችሁ አንድ ትምህርት ቤት ገንዘብ አጠረው ሲባል ለምን አጠረው የሚለው ትልቅ ልዩነት ስላለው ነው። ባለቤቱ የትምህርት ቤቱን ብር አውጥቶ ሌላ ቢዝነስ ውስጥ ስለከተተው አጥሮት ከሆነ የናንተንም ብር እዛው ይከተዋል። መምህራኑ መጥፎ ስለሆኑ ወላጅ ሸሽቶ ከሆነ ያው አንድ ነው። ሰፈሩ ስለተነሳ ተማሪ ያጣ ከሆነ ግን ሰፈሩ ሲሞላ ወይ ወጪውን ሲቀንስ ሊተርፍ ይችላል። "ከሰረ" የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

እኔ ስራዬ ፔይሮል ነው፣ ስለዚህ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። ተማሪ 260 አካባቢ ነው (ስንት እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም፣ ግን ስንት ክፍል አለ፣ በክፍል ስንት ነው ብላችሁ ማባዛት ነው)። በ3,800 ብንመታው በወር 988 ሺ። ብዙ ይመስላል አይደል? እንግዲህ ኪራይ 350 ሺ፣ ለሁለት ግቢ። መምህራን 28፣ አማካይ 14 ሺ ብንል 392 ሺ፣ አሰሪው በላዩ ላይ 11 ፐርሰንት ጡረታ ይጨምራል፣ 43 ሺ። ዘበኛ፣ ጽዳት፣ ሞግዚት፣ ዳይሬክተር፣ ቢሮ ሌላ 130 ሺ። በወር ስታዩት ይተርፋል። ግን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ወላጅ የሚከፍለው 10 ወር ነው፣ ትምህርት ቤቱ ኪራይና ደሞዝ የሚከፍለው 12 ወር ነው። በ12 ሲባዛ ወጪው ወደ 11 ሚሊዮን ይጠጋል፣ ገቢው ከመመዝገቢያው 1,500 ጋ ተደምሮ 10.3 ሚሊዮን ገደማ። 700 ሺ ጎደለ፣ ገና መብራት፣ ወረቀት፣ ቀለም ሳይገባ።

ለዛ ነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ "የዓመቱን ክፈሉ ዲስካውንት አለ" የሚመጣው። እነዚህ ሁለት ወራት ለግል ትምህርት ቤት ደረቅ ናቸው። ጤነኛው ትምህርት ቤትም ዲስካውንት ሊሰጥ ይችላል፣ ያ ብቻውን መጥፎ አይደለም። ያጠረው ግን የመጪውን ዓመት ብር ላለፈው ዓመት ኪራይ ነው የሚከፍልበት፣ ከዛ ጥር ላይ ይደርቃል። እንደኔ ስሌት 300 ተማሪ ከሞላ ይቆማል፣ 280 ከሆነ እያነከሰ ይሄዳል፣ 260 ላይ ከቀረ ወይ አንዱን ግቢ መልቀቅ አለበት ወይ ዓመቱን አይጨርስም። ስለዚህ ጥያቄዬ ስንት ሰው ተመዝግቧል የሚል ሆነ።

ፋይናንሱን ልጅ ደውዬ ጠየቅኩት፣ "ሞልቷል፣ ቦታ ሳያልቅ ነይ" አለኝ። ቦታ ሳያልቅ! 24 ልጅ ያለበት ክፍል! ከሱ ጋ ማውራት እዛው ላይ አቆምኩ። እሱ ላይ አልፈርድም፣ የታዘዘውን ነው የሚያወራው፣ ግን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ክፍያ የሚቀበለውን ሰው አትጠይቁ።

ማንን ልጠይቅ? መምህራኑን። እህቴ የሚሷን ስልክ ነበራት፣ ደወልኩላትና ቡና ልጋብዝሽ አልኳት፣ መጣች። መጀመሪያ ፈራች፣ ልክ ናት፣ እንጀራዋ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ አልጠየቅኳትም፣ ስለራሷ ጠየቅኳት፣ ዘንድሮም ትቀጥያለሽ ወይ አልኳት። "እስካሁን ሌላ ቦታ አላመለከትኩም" አለች። ቆይታ ቆይታ ራሷ አወጣችው፣ የግንቦት ደሞዝ ሰኔ 20 ነው የገባላቸው፣ የሰኔው ሐምሌ 15፣ አምስት መምህር ለቋል፣ ሁለቱ ሂሳብ። ዘግይቶም ቢሆን ግን ቀርቶባቸው አያውቅም። ከዛ ጡረታችሁ ይገባል ወይ አልኳት። ግራ ገባት፣ "ከደሞዜማ ይቆረጣል" አለች። መቆረጡን አይደለም የምጠይቀው። ከሰራተኛው 7 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ አሰሪው 11 ይጨምራል፣ ያ ገንዘብ ለጡረታ ፈንድ ገቢ መሆን አለበት። የሚሰምጥ ድርጅት መጀመሪያ የሚያቆመው እሱን ነው፣ ቀጥሎ የደሞዝ ግብሩን፣ ምክንያቱም እነዚህ ገንዘብ ጠያቂዎች ጠዋት ጠዋት በር ላይ አይቆሙም፣ መምህሩና ቤት አከራዩ ግን ይቆማሉ። ከዛ ገቢዎች ይመጣና አካውንት ያግዳል። "የድርጅቱ ትንሽ ችግር አለበት" ሲለኝ በጭንቅላቴ የመጣው ያ ነበር። ሚሷ በሳምንቱ አጣርታ ደወለችልኝ፣ እስከ የካቲት ገብቷል፣ ከዛ በኋላ ያለው አልገባም።

አራት ወር። መጥፎ ነው፣ ግን የሞተ ነገር አይደለም። እኔ ዓመት ሙሉ ያልገባ አይቻለሁ፣ በስራዬ ማለቴ ነው።

ቀጥሎ ቤቱ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ዝናብ አስጠልለውኝ ሁሉን ነገሩኝ። የፊተኛው ግቢ ባለቤት አሜሪካ ነው ያለው፣ ውክልና የያዘው ወንድሙ በየስድስት ወሩ ይመጣል፣ የኋለኛው ግቢ አከራይ ግን በየወሩ እየመጣ ይጮሃል፣ ሊሸጠው ደላላ ያመላልሳል። ይሄን ከየትም ሰነድ አላገኘውም ነበር። ብዙ ሰው የቤት ኪራይ አዋጅ አለ፣ አከራይ ዝም ብሎ አያስወጣም ይላል፣ ያ አዋጅ (1320/2016) የመኖሪያ ቤት ነው፣ ቪላ ተከራይቶ ትምህርት ቤት የከፈተውን አይመለከተውም፣ እሱ በዋናነት የሚገዛው በፈረመው ውል ነው። ስለዚህ ውሉ መቼ ያልቃል የሚለውን መጠየቅ አለባችሁ፣ ቢያንስ የትምህርት ዓመቱን ይጨርሳል ወይ።

ፈቃዱን ደሞ አየሁ። እሱ ቀላል ነው፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ ሰው ግን አያነበውም። የታደሰበትን ዓመትና እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚፈቅድ እዩ። የኬጂ ፈቃድ ብቻ ይዞ አንደኛ ክፍል የሚመዘግብ አለ፣ እኔ የማውቃት እናት ተሸውዳለች። የኛው እስከ 8ኛ ነው፣ ታድሷል፣ አለፍኩት።

ከዛ የትምህርት ቤቱን ባለቤት ለማናገር ቀጠሮ ያዝኩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ እድሜያቸው ሰባዎቹ ውስጥ ይሆናል። ብዙ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፣ ልጣላም ተዘጋጅቼ። ገና ስቀመጥ "እትዬ፣ ልጄን ላስመዘግብ እፈልጋለሁ፣ ግን ብሩን የሰው አካውንት ላስገባ ተባልኩ" ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ፋይናንስ ላይ ያለውን ልጅ ጠሩት፣ የማን አካውንት ነው አሉት፣ የሳቸው የራሳቸው ልጅ አካውንት ነው ለካ፣ እናቱ ሳያውቁ "ለጊዜው" ብሎ ያመጣው። እኔ ፊት ምንም አላሉም፣ የፋይናንሱ ልጅ ከወጣ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ።

"እውነቱን ልንገርሽ ልጄ" አሉኝ፣ "160 ልጅ ነው የሄደብኝ። ባንድ መስከረም። ብሩ ከዶላር ጋ የወረደ ጊዜ አከራዮቹ ጨመሩ፣ መምህሩም ጨምሩልን አለ፣ ልክ ነው፣ ጤፍ የት ደረሰ፣ እኔ ደሞ ወላጅ ላይ ልጨምር ብዬ ስብሰባ ጠርቼ ሳልጨርስ ሰፈሩ ተነሳ።" የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን የተባለው ሐምሌ 22፣ 2016 ነው፣ ካዛንቺስ የተነሳው ከዛ ሁለት ወር ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የወደቁባቸው።

ስንት ተመዘገበ አልኳቸው። ደብተር አወጡ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ቆጠሩ፣ ነሐሴ 3 ላይ 187 ነው። ነባር 171፣ አዲስ 16። አልዋሹኝም። 300 ቢሉኝ ኖሮ ተነስቼ ነበር የምሄደው። ባይሞላ ምን ያደርጋሉ አልኳቸው። "የኋላውን ግቢ እለቃለሁ፣ ኬጂውን ወደ ፊት አመጣና እንጣበባለን። ሜዳ አይኖራቸውም። ግን ዓመቱን ሳልጨርስ አልዘጋም፣ ከዘጋሁም ሰኔ ላይ ነው፣ ካርዳቸውን ሰጥቼ።" የመጨረሻዋ ቃል ነች ልቤን የነካችው፣ ማንም የማያስባትን ነገር ራሳቸው አነሱ። የትልቁን ልጄን ታሪክ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ "ስላዘንሽላቸው ነው የምታስመዘግቢያት?" አለኝ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። እሱ የሚለው፣ ልጅቷ ለውጥ ትፈራለች፣ ግማሽ ዓመት ላይ ቢዘጋ አዲስ ክፍል፣ አዲስ ሚስ፣ አዲስ ልጆች፣ ይሄ ለሷ ከ60 ልጅ ክፍል የባሰ ነው። ልክ ነው እኮ። የኔ ደሞ፣ አንደኛ ክፍል ላይ ማንበብ ካልቻለች ሁለተኛም ሦስተኛም ያልፍባታል፣ ግማሽ ዓመት እንኳን ከዚች ሚስ ጋ ብታገኝ ፊደሉን ትይዛለች፣ እሱን የሚወስድባት የለም። እዚህ ላይ ነው የተስማማነው በመጨረሻ፣ ዓመቱን ሙሉ ለመግዛት ሳይሆን አንድ ኳርተር አንድ ኳርተር ለመግዛት። ትምህርት ቤቱ 8ኛ እስክትደርስ ይቆያል ወይ የሚለውን ጥያቄ ተውነው። እስከ ጥር ይቆያል ወይ፣ እስከ ጥር የምታገኘው ነገር ገንዘቡን ያወጣል ወይ፣ ያ ነው።

እናም እንዲህ አደረግን። ዲስካውንቱን እምቢ አልን፣ በየኳርተሩ 9,500 ለመክፈል ተስማማን፣ በትምህርት ቤቱ አካውንት ብቻ፣ ደረሰኝ በእጄ ሳይገባ አልሄድም። 5,700 ብሩን እንደ ኢንሹራንስ ቁጠሩት፣ ውድ ነው ግን 32 ሺ ባንዴ አስይዞ ሌሊት ከመቃዠት ይሻላል። ሁለተኛ፣ በየኳርተሩ መጨረሻ ካርዷ ማህተምና ፊርማ ተደርጎበት እንዲሰጠኝ እትዬን በቃል አስማማሁ፣ ብዙ ትምህርት ቤት የዓመቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ማህተም የሚያደርገው፣ እሳቸው ግን ምንም አላሉም፣ ኮፒውን ቤት አስቀምጬ ፎቶውንም ለባለቤቴ ስልክ እልካለሁ። ሦስተኛ፣ የትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋ ሄጄ ግማሽ ዓመት ላይ መሸኛ ይዤ ብመጣ ይቀበሉኛል ወይ አልኳቸው፣ ቦታ ካለ አዎ አሉ፣ ወንድሟ እዛ መሆኑም ሳይጠቅም አይቀርም። ዩኒፎርም አንድ ብቻ ገዛሁ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሁለት ዩኒፎርምና ስፖርት ልብስ ሲገዛ አንድ ደመወዝ ነው።

ምን ቢሆን እተው ነበር? እትዬ የግል አካውንቱን "ምን ችግር አለው" ቢሉኝ ኖሮ እዛው ይበቃኝ ነበር። ደሞዝ ሁለት ወር ሙሉ ሳይገባ ቢቀርም። ሚሷ ለቃ ቢሆንም አላስመዘግባትም ነበር፣ ምክንያቱም እኔ የሄድኩት ለሷ ነው፣ ለህንጻው አይደለም። ግድግዳው ቀለም እንደሚያስፈልገው ግን አይቻለሁ፣ ኮምፒውተር ክፍሉ የተቆለፈ ነው፣ እነዚህ ምንም አልመሰሉኝም። እንዲያውም ያጠረው ትምህርት ቤት ነሐሴ ላይ አጥሩን ስዕል በስዕል አድርጎ ቢቀባ የበለጠ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዱ "ተረጋግጧል ሊዘጋ ነው" ብሎ ለጠፈ፣ ማን እንዳረጋገጠ አይታወቅም፣ በሁለት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰው መሸኛ ጠየቀ። እኔ የማውቀውን አላወራሁም፣ የጡረታውንም የደሞዙንም። ልክ ሰራሁ ወይስ አልሰራሁም እስካሁን ያከራክረኛል፣ ምክንያቱም ሌላውም ወላጅ የማወቅ መብት አለው፣ ግን ይሄ ነገር ባንክ ላይ እንደሚወራ ወሬ ነው፣ ሁሉም ከሮጠ የማይዘጋውም ይዘጋል። ለብቻ ለጠየቀኝ ሰው ግን የሰማሁትን ነግሬያለሁ፣ የሚሷን ስም ሳልጠራ።

ትምህርት ተጀመረ። ጥቅምት ላይ 281 ደረሱ፣ ከገመትኩት ይሻላል፣ አዲስ የገቡት አብዛኞቹ ሌላ የግል ትምህርት ቤት ተወዶባቸው የወረዱ ናቸው። ኅዳር ላይ ደሞዝ 20 ቀን ዘገየ፣ የእንግሊዝኛዋ ቲቸር ለቀቀች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዩኒት ሊደሩ እየገባ ስዕል ሲያስላቸው ነበር፣ ልጄ በጣም ወደደችው። እኔ ተናደድኩ፣ ሄጄም ተናገርኩ። ታህሳስ ላይ የኋላውን ግቢ ለቀቁ፣ እንዳሉት። ሜዳ የለም አሁን፣ በእረፍት ሰዓት በፈረቃ ነው የሚወጡት፣ ልጆቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የሚሮጡት፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ልጅ መሮጥ አለበት። ግን ከዛ ወዲህ ደሞዝ በሰዓቱ እየገባ ነው፣ የጥር ወር ደሞዝ ጥር 30 ገባ አለችኝ ሚሷ፣ ጡረታውንም ካለፈው ማካካስ ጀምረዋል።

ልጄ ታነባለች። ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ይዣት ስወጣ እጄን ጎትታ ቆም አለችና አንድ በር ላይ ያለውን ጮክ ብላ፣ እየቆራረሰች፣ "የ-ሚ-ከ-ራ-ይ" አለች። ደሜ ቀጥ ነው ያለው። የጎረቤት በር ነው፣ የኋለኛው ግቢ፣ የለቀቁት። ሰው ባለበት መንገድ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታነብ የመጀመሪያዋ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስን በኋላ ነው።

የፊተኛው ግቢ ውል ሰኔ 30 ያልቃል። ወንድምየው አድሳለሁ ብሏል አሉ እትዬ፣ ዋጋው ግን ገና ነው። የአራተኛውን ኳርተር መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው የምከፍለው፣ የሦስተኛውን ካርድ ባለማህተሙን ከተቀበልኩ በኋላ። የ2018 ሁለተኛ ክፍል መመዝገቢያ ግን ውሉ ተፈርሞ በዓይኔ ሳላይ አንድ ብር አላወጣም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸውም "ልክ ነሽ፣ አትክፈይ" ነው ያሉኝ። ይቅርታ፣ የ2019 ማለቴ ነው፣ ዓመቱ ሮጠብኝ።